ያልጠረጠርኩት ውሃ

ደም እየተፋ «ሳንባዬ ነው» ብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰው ካለ፣ በተለይ ደግሞ እንደኔ በቦርከና ዳር በኮረኮንች መንገድ ብስክሌት የሚነዳ ከሆነ፣ ይቺን ይስማኝ። ምክር አይደለም። እኔ ራሴ ሰው ሲመክረኝ «ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?» የምል ነኝና ሌላው እኔን እንዲያ ቢለኝ አይከፋኝም። የደረሰብኝን ብቻ ነው የምናገረው።

ጌታቸው እባላለሁ። ያኔ፣ በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ድርጅት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ንብረት ክፍል ማለት ደግሞ ሰው ሁሉ ሌባ ነው ብሎ መነሳት ነው። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌው ነበር። ሥራው ከቢሮ ተከትሎኝ ቤት ገባ። ሥጋ ቤት ሚዛኑን፣ ታክሲ ውስጥ መልሱን፣ ሱቅ የዘይቱን ክዳን እፈትሻለሁ። ባለቤቴ ሙሉ «አንተ እኮ ጥላህን እንኳ ዞር ብለህ የምታይ ሰው ነህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ምን ይደረግ።

ከጥርጣሬ የማርፈው ብስክሌት ላይ ስወጣ ብቻ ነበር። የኮምቦልቻ ልጅ ብስክሌት ይወዳል፤ ከተማው ሜዳ ነው። እኔና ጓደኛዬ ሰይድ ግን አስፋልቱን ለከባድ መኪኖቹ ትተን ኮረኮንች እናሳድድ ነበር። ሰይድ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳል፣ ቀልደኛ ነው፣ ሽርጡን ከብስክሌቱ ኋላ አስሮ ነው የሚሄደው። እሑድ እሑድ እየወጣን መንገድ እንፈልጋለን። አንደኛው መንገዳችን ቦርከናን ተከትሎ በማሽላ ማሳ መሃል የሚወርደው ነው፤ ለስላሳ ነው፣ አይጎዳም። ሁለተኛው የሐረጎን ዳገት በጎን በኩል የሚወጣው ነው። ይሄኛው ወንዱን ከሴቱ ይለያል እንል ነበር፣ ሙሉ ሰምታ እስክትቆጣን ድረስ። ሦስተኛውና ረጅሙ ደግሞ በደጋን በኩል ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በሁለት ኮረብታ መሃል ያለውን ወንዝ እየተሻገረ እየተመለሰ ሄዶ ጉብታው ላይ የሚያወጣው ነው። እዚያ ላይ ቆሞ ሸለቆውን ያየ ሰው ወዲያው መውረድ አይፈልግም።

ነገሩ የጀመረው በዚህ በሦስተኛው መንገድ ነው። የካቲት ማለቂያ ላይ ነበር፣ ጾም ገብቷል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። የያዝነው ውሃ ዳገቱ ሳያልቅ አለቀ። ቁልቁል ስንወርድ ከአለት ሥር የምትመነጭ ትንሽ ውሃ አገኘን፤ ጎድጎድ ያለ አለት ውስጥ ተጠራቅማ ታልፋለች፣ ከታች ከብት ይጠጣታል። ሰይድ ሽርጡን ፈታ፣ በኮዳው አፍ ላይ ወጠረው፣ በእፍኙ እየቀዳ አጠለለና ለኔ ዘረጋልኝ።

«እንካ ጌቾ፣ አንተ ቅደም።»

ሽርጡን አየሁት። «ሰንሰለት የጠረግክበት አይደለም ይሄ?»

«ዳሩን እኮ ነው! ወላሂ መሃሉ ንጹሕ ነው።»

«እኔ ንጹሕ ውሃ ፊቴ እያለ የዘይት ጨርቅ ጭማቂ አልጠጣም» አልኩና በሆዴ ተኝቼ ከአለቱ ግጥም አድርጌ ጠጣሁ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፣ ከሥሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። ሰይድ «እንደ በሬ!» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ከኮዳው ጠጣ። ማታ ወደየቤታችን ከመለያየታችን በፊት እሱ ቤት ገባንና ሚስቱ አብሽ በጥብጣ ሰጠችን። ጣፋጭ ነበር፣ ሰይድ «ድገም» ብሎኝ ደግሜ ጠጣሁ። ይቺን አብሽ አስታውሱልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ብዙም ሳይቆይ ጉሮሮዬ ውስጥ የሚከረክር ነገር ጀመረኝ። ጠዋት ስተፋ ምራቄ ላይ ቀጭን የደም ክር አየሁ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጥርስ ብሩሼን ነው፤ ጣልኩት። ደሙ ጨመረ። አንድ ቀን ቢሮ ሳስል መሐረቤ በቀይ ተሞላ። ኪሴ ውስጥ ጠቅልዬ ከተትኩት፤ ማንም እንዳያየኝ ዙሪያዬን አይቼ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም ወሰደና «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» አለኝ። እኛ አገር ደሙን ሰጥቶ ሁለቱም የለብህም የተባለ ሰው አላውቅም። መርፌውን ጨረስኩ፣ ደሙ ግን አልቆመም። ሁለተኛው ክሊኒክ «ጨጓራህ ቆስሎ ነው» አለና ነጭ ሽሮፕ ሰጠኝ። ሽሮፑ መድኃኒት ይሁን በውሃ የተበጠበጠ ኖራ ይሁን ተጠራጥሬ ፋርማሲው ድረስ ተመልሼ አከራክሬያለሁ። ደሙ ግን አሁንም አልቆመም።

አቅሜ እንዴት እንደሄደ በመንገዶቼ ነው የማስታውሰው። መጀመሪያ ሐረጎን መውጣት አቃተኝ፤ መሃል ላይ ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔ ጨለመ። ቀጥሎ ያ ለስላሳው የቦርከና ዳሩ መንገድ ዳገት ሆነብኝ። በመጨረሻ ከቤቴ እስከ ቢሮዬ ያለውን ሜዳ ብስክሌቱን እየገፋሁ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ፤ ከመንዳት ይልቅ መደገፍ ሆነ ሥራው። ፊቴ እንደ አመድ ነጣ። ልቤ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ጆሮዬ ውስጥ ይመታል።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አክታ ስጥ አሉኝ፣ ሰጠሁ፤ ምንም አልተገኘም። ድገም አሉኝ፣ ደገምኩ፤ አሁንም የለም። ደሴ ልከውኝ ደረቴን ራጅ ተነሳሁ፣ ንጹሕ ነው። «ቢሆንም ሳንባ ነቀርሳ አንዳንዴ ይደበቃል፣ እንከታተልህ» ተባልኩ። ሰፈር ደግሞ የራሱን ምርመራ ጨርሷል። በዚያ ዘመን ሰው ከስቶ ካሳለ ሌላ ስም አይሰጠውም ነበር፤ «ያ በሽታ» ነው። እሱንም ተመረመርኩ፣ ነጻ ነኝ። ግን ለማን ታሳያለህ? ጎረቤት ፊት ለፊት አይጠይቅህም፤ ወንበሩን ትንሽ ራቅ ያደርጋል እንጂ።

ሙሉ እርጉዝ ነበረች፣ ወሯ ገብቷል። እናቷ እትዬ የሺ ልጃቸውን ሊያርሱ ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር መጡ። ገና ከመግባታቸው ሳልኩ። በማግስቱ አንዲት ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ እጀታዋ ላይ ጥቁር ክር ታስሮባት ለብቻዋ መስኮት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ይቺ ያንተ ናት ልጄ» አሉኝ።

«እኔ ነቀርሳ አልተገኘብኝም እኮ፣ እትዬ።»

«አልተገኘም ማለት የለም ማለት ነው? ጠልቼህ አይደለም፣ የድንግል ልጅ ያውቃል። ሕፃን ሊመጣ ነው።»

እኔው ራሴ በየቀኑ ቢሮ ስለው የምውለውን ነው የመለሱልኝ። ልጄ ተወለደች፣ ሴት። እኔ በነጠላ አፌን ሸፍኜ ከበሩ ላይ ቆሜ አየኋት፤ ከብርድ ልብሱ ውስጥ አፍንጫዋ ብቻ ነበር የሚታየው። ምኝታዬ ሳሎን ሆነ። ስታለቅስ እሰማለሁ፣ ዝም ስትል እሰማለሁ፣ ሰው ሁሉ እየገባ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ሕፃኗን ይስማል፤ አባቷ ብቻ አልያዛትም። ከሕመሙ ሁሉ ይሄ ነው የገደለኝ። ሳላቅፋት እሞታለሁ ብዬ አምኜ ነበር።

እትዬ የሺ አንድ ቀን ቁጭ ብለው መረመሩኝ። «ይሄ ከመጀመሩ በፊት የት ጠጣህ? የማን ቤት በላህ?» አንድ በአንድ ቆጠርኩላቸው። ያቺ አብሽ ጋ ስደርስ ዓይናቸው ቆመ። «ይሄ ሰይድ የምትለው፣ በብስክሌት ውድድር አንተ ስትቀድመው የኖረው አይደለም?»

እሳቸው ይሄን ብቻ ነው ያሉት። የቀረውን እኔ ሞላሁት። በየዓመቱ ከተማው ውድድር ሲያደርግ እኔ አንደኛ፣ ሰይድ ሁለተኛ ነው። ለምን ሚስቱ ለኔ ቀድታ ሰጠችኝ? ለምን «ድገም» አለኝ? ለምን ሲስቅ ነበር? የንብረት ክፍል ጭንቅላት አንዴ ከጀመረ አይቆምም፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሰይድን «መርዞኛል» ብዬ ከስሼ ፈርጄበት ነበር።

ሰይድ ሊጠይቀኝ ብርቱካን ይዞ መጣ። «አብሽር ጌቾ፣ አላህ ያሽርህ» ብሎ ተቀመጠ። እኔ ብርቱካኑን አንድ በአንድ እያነሳሁ በብርሃን አገላብጥ ጀመር። የመርፌ ቀዳዳ ነበር የምፈልገው።

«ጌቾ፣ ምን ትፈልጋለህ?»

«ምንም።»

አየኝ። ገባው። ከእጄ ላይ አንዱን ወሰደ፣ ላጠው፣ ለሁለት ከፈለው፣ ግማሹን ፊቴ በላው። ግማሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «አሏሁ አእለም፣ የሚያውቀው አላህ ነው» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልመጣም። ግማሿ ብርቱካን እዚያው ደረቀች።

ስቅለት ደረሰ። የነፍስ አባቴ «አንተ በሽተኛ ነህ፣ ውሃ ይፈቀድልሃል» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ልጄን እንዳቅፍ ብዬ ተስያለሁና ምራቄን እንኳ ሳልውጥ ዋልኩ። አልሰገድኩም፣ አቅሙ የለኝም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ዛፍ ተደግፌ ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ። ጉሮሮዬ እንደ ቆዳ ደረቀ። ሲመሽ ቤት ገብቼ በዚያች በሰማያዊ ኩባያዬ ውሃ ቀዳሁ። መዋጥ ስለሚያመኝ የመጀመሪያውን ጉንጭ አፌ ውስጥ ይዤው ቆየሁ።

አንድ ነገር ከላይ ወርዶ የምላሴን ሥር ነካው።

ውሃውን ተፋሁት። መስታወትና ባትሪ ይዤ አፌን ከፈትኩ። ከእንጥሌ ጀርባ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ጫፉ ታየኝና ሸርተት ብሎ ወደ ላይ ገባ።

«ሙሉ! ሙሉ! ጉሮሮዬ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር አለ!»

ሙሉ መጥታ በባትሪው አየች። ምንም የለም። እትዬ የሺ አማተቡና «በስመ አብ! ጠበል ይሂድ» አሉ። በማግስቱ ጎረቤታችን ያለችው ነርስ ተጠርታ በማንኪያ ምላሴን ተጭና አየች፣ ምንም የለም። ወጣ ብላ ለሙሉ «ሕመም ሲረዝም አእምሮም ይደክማል» ስትላት ሰማሁ። እኔ መማል ጀመርኩ፣ መጮህ ጀመርኩ። ሙሉ አራስ ሆና፣ ልጇን ታቅፋ፣ እንባዋ እየወረደ እንዲህ አለችኝ፦

«ሐኪሙን ጠረጠርክ፣ ፋርማሲውን ጠረጠርክ፣ ወንድምህን ሰይድን ጠረጠርክ። አሁን ደግሞ የገዛ ጉሮሮህን! እኔ የቱን ልመንልህ?»

ምን ትበል? ዕድሜዬን ሙሉ የሌለ ነገር አለ ስል ኖሬ፣ ያለውን አለ ስል ማን ይስማኝ። ፋሲካን በአልጋ ላይ ሆኜ፣ እየዋጥኩ ይሁን እየተዋጥኩ ሳላውቅ አሳለፍኩት።

በፋሲካ ማግስት በሩ ተንኳኳ። ሰይድ ነው። «እንኳን አደረሳችሁ ልል ነው የመጣሁት፣ አልቀመጥም» አለ። ሙሉ ግን እጁን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችውና «ሰይድዬ፣ እስቲ አንተ ንገረው፣ እኔስ ደከመኝ» አለችው። እኔም ያየሁትን ነገርኩት። እንደሚስቅብኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

አልሳቀም። ቁጭ አለ። «አሁንም አለ?»

«አለ። ሲጠማኝ ይወርዳል።»

«ያ አላህ!» ብሎ ጭኑን መታ። «ያ ውሃ! የአለቱ ውሃ! አልቅት ነው ጌቾ፣ ወላሂ አልቅት ነው! የበቅሎ አፍ ውስጥ ገብቶ ደም የሚመጠው።»

«ታዲያ አንተ አውቀህ ነው ያጠለልከው?»

«ምኑን ዐውቄ? አባቴ መንገድ ላይ ውሃ ሲጠጣ በሽርጡ ያጠልላል፣ እኔም አጠልላለሁ። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ለካ ለዚህ ነው!»

አንድ ጥያቄ ሳይጨምር አመነኝ። ስንት ቀን በልቤ ስሰቅለው የከረምኩት ሰው ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ደሴ ወጣን። ከነቃሁ ጀምሮ ውሃ አልቀመስኩም፣ ያ ነገር ተጠምቶ እንዲወጣ ብዬ። ሰይድም አልጠጣም። «አንተ ተጠምተህ እኔ ፊትህ ልጎነጭ? ነውር ነው» አለ። ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ሁለታችንም በመስኮት የኛን ኮረኮንች እናያለን፤ አንድ የማናውቀው ልጅ በብስክሌት እየተጠማዘዘ ይወጣል። ቀናሁበት።

ሆስፒታሉ የበዓል ሰሞን ስለሆነ ሰው ሞልቷል። የአንገት በላይ ሐኪሟ የምታይበት ክፍል ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አጠገቤ ያሉ ሽማግሌ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ፤ እኔን ፈርተው ነው ብዬ ተናደድኩ። ቆይተው «ጥርሴን ነው ልጄ፣ ብርድ ሲነካው ይጠዘጥዘኛል» አሉኝ። ከዚያ ከጋቢያቸው ውስጥ የተጠቀለለ ዳቦ አውጥተው ቆረሱልኝ። ለምርመራው ብዬ አልበላሁም፣ ግን እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከወር በላይ ማንም ከእጁ ቆርሶ ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ግንባሯ ላይ መስታወት አስራለች። አፌን አየች፣ በአፍንጫዬ አየች። «ምንም አይታየኝም» አለች። እስክሪብቶዋን አነሳች። ሌላ ሽሮፕ፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ያቺ ኩባያ።

«ዶክተር፣ በሞቴ፣ ውሃ አስመጪልኝ» አልኩ። «አልጠጣውም። አፌ ላይ ብቻ ያዙልኝ። ጉሮሮዬ ውስጥ ያለው አልቅት ከጠዋት ጀምሮ ተጠምቷል።»

አየችኝ፤ ከዚያ ሰይድን አየችው። ሰይድ «አላበደም ዶክተር፣ እኔ ምስክር ነኝ» አለ። ፈገግ አለችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እስቲ እንሞክር» አለች። ነርሷ በሳህን ውሃ አመጣች። አፌን በሰፊው ከፍቼ፣ ውሃውን ከከንፈሬ ሥር አስጠግቼ፣ ጠበቅን። ትንፋሼ ውሃውን ያንቀሳቅሰዋል። ከዚያ ያ የማውቀው መንሸራተት ከላይ ጀመረ።

«አትንቀሳቀስ» አለች ዶክተሯ በቀስታ። መቆንጠጫዋን አስገባች። የሚጎትት፣ የሚላቀቅ፣ የማይላቀቅ ነገር ተሰማኝ፤ ትንፋሼ ቆመ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ የሰይድ እጅ ትከሻዬን ጨምድዶ ይዟል። ተመዘዘ! ሳህኑ ላይ ስትጥለው ጥቁር፣ ወፍራም፣ የትንሽ ጣቴን ያህል ነበር፤ ውሃውን ሲያገኝ ተዘርግቶ መዋኘት ጀመረ። ሰይድ «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«እንግዲህ ሳንባ ነቀርሳህ ይኸውልህ» አለችኝ ዶክተሯ።

ትንሽ ደማሁና ቆመ። ደሜ በጣም አንሷል ብላ የብረት እንክብል አዘዘችልኝ። በዚህ አጋጣሚ ለሌላው የነገረችኝን ልንገር፤ እንዲህ ያለ ነገር የጠረጠረ ሰው ራሱ በጣቱ ወይ በወረንጦ ልጎትት እንዳይል፤ ተበጥሶ ይቀራል፣ አየር ቧንቧም ሊገባ ይችላል። አንገት በላይ ሐኪም ጋ ይሂድ፣ የት ውሃ እንደጠጣም ይናገር። እኔን ያን ሁሉ ጊዜ «ምን ውሃ ጠጣህ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሐኪም አልነበረም። ማገገሜም በመንገዶቼ ነው የተቆጠረው። መጀመሪያ ሜዳው፣ ከዚያ ቦርከና ዳሩ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሐረጎ። ደጋን በኩል ያለውን መንገድ አልተውነውም፤ አሁን ግን ለየራሳችን ነጭ ሻሽ ይዘን ነው የምንወጣው፣ ሰንሰለት ያልተጠረገበት።

ወደዚያች ቀን ልመለስ። ከደሴ ስንመለስ ያንን ነገር በመድኃኒት ጠርሙስ አስደርጌ ይዤው መጣሁ። ዶክተሯ «ምን ያደርግልሃል?» ስትለኝ «ያለ ማስረጃ ማን ያምነኛል?» አልኳት። ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሙሉ አይታ ጮኸች፣ ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እትዬ የሺ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ቀና ሲሉ ጓዳ ገቡና ሕፃኗን ይዘው ወጡ። ክንዴ ላይ አስቀመጧት።

ቀላል ነበረች። ሞቅ ትላለች። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝና መልሳ ተኛች። እኔ መቆምም መቀመጥም አቃተኝ፤ ሰይድ ነው ወንበር ያስጠጋልኝ።

የአራስ ገንፎ ቀረበ፣ ቅቤው መሃሉ ላይ እንደ ኩሬ ተኝቷል። አራታችንም ከበን ተቀመጥን። እኔ በአንድ እጄ ልጄን ይዤ በሌላው በማንኪያዬ ጫፍ ገንፎውን ቆፈር ቆፈር አደረግኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ።

«ጌቾ፣ ምን ትፈልጋለህ?» አለ ሰይድ።

«ስንጥር» አልኩ።

ሙሉ ሳቋ አመለጣት፣ እኛም ተከተልናት፤ ሰይድ ትን እስኪለው ሳቀ። እትዬ የሺ ግን ተነስተው መስኮቱ ጋ ሄዱ። ያቺን ሰማያዊ ኩባያ አነሱ። ውሃ ሞሉባት። ክሩ አሁንም እጀታዋ ላይ አለ። «አሁንም?» አልኩ በልቤ፣ ሳቄ ፊቴ ላይ ደረቀ።

እትዬ የሺ ኩባያዋን ወደ አፋቸው አስጠጉና ግማሿን ጠጡ። ከዚያ ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው ወደኔ ዘረጉልኝ።

«እንካ ልጄ» አሉኝ።

ተቀበልኳቸው። ውስጧን ሳላይ ጠጣሁ።